የግንቡ ገንዳ ደለል

ግንቡን ወድጄው አላውቅም። ከወረታ ወደ ጎንደር ሲሄዱ አስፋልቱን ትቶ የሚገነጠል የጠጠር መንገድ አለ፤ እሱን ይዞ ዳገቱን የጨረሰ ሰው ከግንቡ በር ይደርሳል። እዚያ ቆሞ ቁልቁል ላየ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ተዘርግቶ ይታየዋል። እንግዳ ሁሉ በዚህ እይታ ይደሰታል፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣል። እኔ ግን ሜዳው ላይ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና እዚያ ስቆም የሚታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከላይ የሚወርደው ውሃ ሁሉ ማረፊያው እኛ ነን።

ግንቡ ራሱ እርጅና ተጫጭኖታል። ጣሪያው ከወደቀ ስንት ዘመኑ። ከግድግዳው ስንጥቅ ሾላ በቅሎ ሥሩ ድንጋዩን እየፈለቀቀ ያወጣዋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ከላይኛው ክፍል ኖራ ይረግፋል። ልጆች ሳለን ወደዚያ መሄድ ክልክል ነበር። የሚከለክሉን ሰዎች ለምን ሲባሉ "ዝም ብለሽ አትሂጂ" ከማለት ሌላ መልስ አልነበራቸውም። ታዲያ ትልቅ ሆኜ፣ ደመወዝ እየተከፈለኝ በየቀኑ የምሄድበት ቦታ እሱው ሆነና አረፈው።

የግንቡ ግቢ የዕፅዋት ማእከል ይሁን ተብሎ ነበር። ሰዉ በአጭሩ "አታክልቱ" ይለዋል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ከአካባቢያችን እየጠፉ ያሉትን ኮሶውን፣ ወይራውን፣ ዝግባውን፣ ብሳናውን ሰብስቦ፣ በየአጠገባቸው ስማቸው የተጻፈበት ሰሌዳ ተክሎ ለተማሪና ለጎብኚ ማሳየት ነው። ወረታ ችግኝ ጣቢያ ስሠራ ቆይቼ ስለነበር ለዚህ ተቀጠርሁ። ከእኔ ጋር አንድ ወጣት ኃላፊና አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ። ኃላፊው ትሑት ልጅ ነው፣ ስብሰባ ግን አይለቀውም። ዘበኛው ከእኛ ሁሉ በፊት ግንቡን ሲጠብቁ የኖሩ፣ ችግኙን ሁሉ እንደ ወለዱት ልጅ የሚያዩ ሰው ናቸው።

ከግቢው ዝቅ ብሎ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ገንዳ አለ። ግንቡን የሠሩት ነገሥታት ይታጠቡበት ነበር ይባላል። ለዘመናት ደለል ሞልቶት ቆይቶ፣ አታክልቱ ሲጀመር ላይ ላዩ ተዝቆ ምንጩ ተመልሶ ገባበት። ከታች በኩል አንድ የድንጋይ መውረጃ አለው፤ በበጋ ይደፈናል። በክረምት ገንዳው ሲሞላ ውሃው በዚያ መውረጃ ይፈስና ወደ ጅረቱ ይገባል፤ ጅረቱ ደግሞ ቁልቁል ወርዶ መጀመሪያ የሚያጠጣው የአባቴን ማሳ ነው።

አባቴ እዚያ ማሳ ላይ የደረሰው ሸሽቶ ነው። የድሮ መሬታችን ጣና ዳር ነበር፤ ውሃው በበጋ ሲሸሽ እየተከተልን የምናርሰው፣ ማዳበሪያ የማያውቅ መሬት። እምቦጭ የሚባል የውሃ አረም መጣና ሁሉን ወሰደው። መጀመሪያ ከሐይቁ ዳር አንድ ሁለት ሆኖ ታየ፤ ሐምራዊ አበባው ያምር ስለነበር ልጆች ፀጉራቸው ላይ እየሰኩ ይጫወቱበት ነበር። ከዚያ ውሃውን አለበሰው፤ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ መሬታችን ላይ ተኝቶ ቀረ። አባቴ ከአገሩ ሰው ጋር እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ እየገባ፣ ቆዳው እስኪላላጥ ድረስ በእጁ ሲነቅል ከርሟል። የነቀሉት ቦታ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይሞላል። በመጨረሻ ከብቶቹን ሸጠና፣ የእናቴ ወገኖች በሰጡት መሬት፣ ከግንቡ ሥር መጥቶ ሩዝ መዝራት ጀመረ። እናቴ ይህን ሳታይ ነው የሞተችው። "ከዚህ ወዲያ መሄጃ የለኝም" ይል ነበር አባቴ፤ እውነቱን ነው፣ አልነበረውም።

አታክልቱ የተመረቀው ጥምቀት አልፎ በሳምንቱ ነው። የዚያን ዕለት እኔ ወረታ ጤና ጣቢያ ምጥ ላይ ስለነበርሁ የሆነውን የሰማሁት ከዘበኛው ነው። ለምረቃው ቄጠማ ያስፈልጋል ተባለ፤ በዚያ በጋ ቄጠማ ከጣና ዳር በቀር የት ይገኛል፣ አንድ የጭነት መኪና ሙሉ ታጭዶ መጣ። ግቢው ሁሉ ተጎዘጎዘ። ቀሳውስቱ ጸሎት አደረሱ፣ ጸበል ረጩ፤ እንግዶቹም በልተው ጠጥተው ሄዱ። በማግሥቱ ዘበኛው ሊጠርጉ ሲነሡ ጨነቃቸው። ጸሎት የተደረሰበት ቄጠማ እንደ ጉድፍ የትም አይጣልም፤ እግር እንዳይረግጠው ወይ ይቃጠላል ወይ ውሃ ውስጥ ይገባል። እርጥብ ስለነበር አልነድ አላቸው። ስለዚህ በገዛ እጃቸው እየታቀፉ ወስደው ከገንዳው አስገቡት።

"እግር እንዲረግጠው ልተወው? ከውሃ የመጣ ነው፣ ወደ ውሃው መለስሁት" አሉኝ በኋላ። ከቄጠማው ጋር ተጠላልፎ ምን እንደመጣ የሚያውቅ ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም።

ሥራ የተመለስሁት ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ነው። ልጄን አዝዬ በበሩ ስገባ ዘበኛው ፈገግ ብለው ተቀበሉኝ።

"ሳትኖሪ የመጣ እንግዳ አለልሽ። ነይ፣ ነይ እይው" አሉኝ።

እየመሩ ወደ ገንዳው ወሰዱኝ። ገና ሳንደርስ አንድ ነገር ቀፈፈኝ፤ ጸጥታው ነው። ከመውለዴ በፊት እዚያ ገንዳ ውስጥ እንቁራሪቱ ያለ ማቋረጥ ይጮህ ነበር፤ ጩኸቱ ራስ ያዞራል፣ ስንት ጊዜ ተራግሜዋለሁ። አሁን ምንም የለም። ከዚያ ውሃውን አየሁት፤ ማለቴ ውሃውን አላየሁትም። ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኗል። ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ አንገቱ ላይ ያበጠ ቅጠል። ከመሀሉ ሐምራዊ አበባ ብቅ ብቅ ብሏል።

"አያምርም? ማንም ሳይተክለው ራሱ ነው የበቀለ። ጎብኚው ሁሉ ፎቶ የሚነሣ እሱ ጋ ነው" አሉ ዘበኛው።

ፈራሁ። ሌላ ቃል ፈልጌ አላስጌጠውም፤ ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝሁት። "ይህ እኮ እምቦጭ ነው" ስላቸው መጀመሪያ ሣቁ። ስሙን በሬዲዮ ሰምተውታል፤ ግን የደጋ ሰው ናቸው፣ በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ደግሞ በልባቸው ያ ሁሉ ክፉ ወሬ የሚወራበት ነገር መልኩም አስቀያሚ መሆን ነበረበት።

ኃላፊው ሲሰማ አልተከራከረኝም። ደነገጠና "ዛሬውኑ መውረጃውን ከፍተን ገንዳውን እናድርቀው" አለ።

"ወዴት ነው የምትለቀው?" አልሁት ተቆጥቼ። ቁጣዬ እሱ ላይ መሆን አልነበረበትም፤ ግን ሌላ ሰው አጠገቤ አልነበረም። "መውረጃውን ከፈትኸው ማለት አባቴ ማሳ ላይ ለቀቅኸው ማለት ነው።"

ሳንነካው ብንተወውስ ብለን አሰብን። ብንተወው ደግሞ ክረምቱ ሲገባ ገንዳው ራሱ ሞልቶ ይፈሳል። ሁለቱም መንገድ የሚያደርሰው አንድ ቦታ ነው።

ለአባቴ ስደውልለት ዳገቱን ለመውጣት ጊዜ አልፈጀበትም። ከገንዳው ጠርዝ ላይ ቆመ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ለቅሶም ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ አንዱን ነቀለና ፀጉር የመሰለውን ጥቁር ሥሩን ገልብጦ አየው።

"እኔ ሸሸሁት ስል፣ ይኸው ዳገት ወጥቶ ከላዬ ተቀመጠ" አለ። እኔን አይደለም፣ ማንንም ብሎ አይደለም የተናገረው።

ዘበኛው ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። ኩታቸውን ተከናንበው ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

በዚያው ሰሞን የሠርግ ጊዜ ስለነበር ሙሽሮች ፎቶ ለመነሣት ወደ ግንቡ ይመጣሉ። አንድ ቅዳሜ ከችግኞቹ ቀና ስል አንዲት ሙሽራ ከገንዳው ጠርዝ ተቀምጣ፣ ከነሥሩ የተነቀለ እምቦጭ እንደ እቅፍ አበባ ይዛ ትሥቃለች። ሚዜዎቿም አንዳንድ ይዘዋል። እየሮጥሁ ሄጄ ከእጇ መነተፍኋት። ነጭ ልብሷ ላይ ጥቁር ውሃ ተረጨባት።

"አበባ ነው እኮ" አለችኝ ልታለቅስ እየቃጣት።

አክስቷ መሆን አለባቸው፣ አንዲት ትልቅ ሴት "በሰው ልጅ ሠርግ ቀን ምን ዓይነት ሟርተኛ ናት" ብለው ወረዱብኝ። እኔም ሳላስረዳ ከሁሉም እጅ እየቀማሁ ሰበሰብሁት። የያዙትን መኪናው ውስጥ አስገብተው ወረታ ቢወስዱትስ እያልሁ እስካሁን አስባለሁ። መኪናውን ግን አልፈተሽሁትም።

ውሃው በመውረጃው መውረድ ከሌለበት በሰው እጅ መውጣት አለበት። እምቦጩን ነቅሎ ማቃጠል፣ ምንጩን ወደ ጎን ማዞር፣ ውሃውን በባልዲ እየቀዱ ከግንቡ ወዲያኛው ወገን፣ ፀሐይ በሚያነደው ጭንጫ ላይ መድፋት። ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለምና አባቴ ደቦ ጠራ።

ደቦ የሚጠራው ለማሳ ነው፤ ለገንዳ ደቦ ተጠርቶ አያውቅም። ለዚያውም አባቴ መጤ ነው። ቢሆንም መጡ። የመጡት ስለ አንድ ሰው ብለው ይመስለኛል። ከአባቴ ማሳ ጋር የሚዋሰኑ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ አሉ፤ አባቴ ባዶ እጁን ሲመጣ በሬ ያዋሱት እሳቸው ነበሩ። "የሱ ማሳ ከተያዘ ቀጣዩ የኔ ነው፣ ከኔ ቀጥሎ ያንተ ነው" እያሉ በየቤቱ ዞረው ሰውን አስነሡለት።

የግንቦት ፀሐይ አናት ይበሳል። ወንዶቹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገብተው ይነቅላሉ፤ ሴቶቹ በቅርጫት ይቀበላሉ፤ እኔ ልጄን ከዛፍ ጥላ ሥር አስተኝቼ ውሃ እቀዳለሁ። አባቴ እንደዚያ ሲጨክን አይቼው አላውቅም። አንዲት ቅጠል ከቅርጫት ስትወድቅ ካየ ተመልሶ ይለቅማታል፤ የሰዎቹን እግር ሳይቀር ጎንበስ እያለ ያያል። ሲነቅሉ መዝፈን ጀምረው ነበር፤ ግን የግንቡ ግድግዳ ድምፃቸውን እየመለሰ ስለሚያመጣባቸው ሳይወዱ ተዉት። እምቦጩ ደርቆ ሲቃጠልም ጭሱ ቀጥ ብሎ አልወጣም። ግቢው ውስጥ ተኝቶ ዋለ፣ ልብሳችን ሁሉ ረግረግ ረግረግ ሸተተ።

ውሃው ሲያልቅ ደለሉ ወጣ። በስንት ዘመን የተጠራቀመ፣ ጥቁር፣ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ደለል። ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ አየው። የፎገራ ሰው ደለል አይቶ አያልፍም፤ መሬታችንን የሠራው ደለል ነው። አንዲት ሴት በጣቶቿ አንሥታ አሸት አሸት አደረገችውና "ለሩዝ መደብ እንዲህ ያለውን ነበር" አለች።

ሩዙ መጀመሪያ በትንሽ መደብ ላይ ይፈላል፤ ፍሉ ሲጠነክር ተነቅሎ ውሃ ወደያዘው ማሳ ይዛወራል። የመደቡ አፈር ጥሩ ከሆነ ፍሉም ያምራል። ክረምቱ ደግሞ ደጅ ላይ ነበር፤ ሁሉም መደቡን የሚያሰናዳበት ጊዜ ነው።

የአባቴ ፊት በራ። አንድ ነገር ሲያስጨንቀው ሰንብቶ ነበር። ደቦ የጠራ ሰው ያበላል፣ ያጠጣል፤ እሱ ግን ሚስት የሌለው ሰው ነው፣ እኔ ያዘጋጀሁት ምግብና የጠመቅሁት ጠላ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አልበቃም። በጣም አፍሮ ነበር። አሁን የሚሰጠው ነገር አገኘ።

"ውሰዱ" አለ እጁን ዘርግቶ። "ከናንተ የሚበልጥብኝ የለም። ከረጢት አምጡ፣ አህያ አምጡ።"

ኃላፊው ገንዳው ስለሚጠረግለት ደስ አለው። እምቦጩ ተነቅሏል፣ ተቃጥሏል፤ የቀረው አፈር ነው። ሁላችንም እንዲህ ነበር ያሰብነው።

አህዮቹ ተከታትለው ቁልቁል ሲወርዱ አሁንም ይታየኛል። ከየከረጢቱ ጥቁር ውሃ እየተንጠባጠበ የጠጠሩን መንገድ ያጨቀየዋል። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ሰው እየመረቀ ሸኘ። ለራሱ የተረፈው አልነበረም፤ የደከመልኝ ሰው ይቅደም ብሎ መጨረሻ ላይ ሲመለስ ገንዳው እስከ ድንጋዩ ተጠርጎ ነበር። አልከፋውም። "ማሳዬ ከዳነልኝ ምን ጎድሎብኝ" አለኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከልቡ ሲሥቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ክረምቱ ከባድ ነበር። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን አጥለቀለቀው፤ ከግንቡ ሆኜ ቁልቁል ስመለከት የትኛው ሐይቅ፣ የትኛው ማሳ እንደሆነ መለየት ያቅተኝ ነበር። ፍሉ ወደየማሳው ተዛወረ። የዚያ ዓመት ፍል ያማረ ነበር፤ ሰዉ አባቴን መንገድ ላይ እያቆመ ስለ ደለሉ ይመርቀዋል። እሱም ተዝናና። ቤት ስለ መሥራት ሁሉ ማውራት ጀምሮ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ አባቴ ዝናብ እየደበደበው ወረታ ቤቴ መጣ። ግባ ብለውም አልገባ አለ። እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ከደጃፉ ቆመ።

"የኔ ንጹሕ ነው" አለኝ።

ምኑ ብዬ ጠየቅሁት። ጠዋት ድንበሩን ሲያይ በሬ ካዋሱት ሽማግሌ ማሳ፣ ከሩዙ ግርጌ፣ አንገቷ ሊያብጥ የጀመረ አንዲት ቡቃያ አየ። ነቀላት። ከጎኗ ሌላ ነበረች፤ ከሌላዋም ጎን ሌላ። ከዚያ ቀጥሎ ወዳለው ማሳ ሄደ፣ እዚያም አለ። ለደቦ የወጡለትን ሰዎች ማሳ አንድ በአንድ ዞረ። ሁሉም ጋ አለ። ደለሉ ያልደረሰው የሱ ማሳ ብቻ ንጹሕ ነው። ይህን የነገረኝ ሰርቆ እንደ ተያዘ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው።

ለኃላፊው ደወልሁ፤ እሱም የሚያውቀውን ሰው ጠይቆ መልሶ ደወለልኝ። እምቦጭ ዘር ይጥላል፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ለረጅም ዓመት ይተኛል፤ ውሃና ብርሃን ሲያገኝ ይነሣል። ጣና ዳር ላይ ላዩን ስንነቅል ስለኖርን ከሥር ምን እንደተኛ አስበነው አናውቅም ነበር። አባቴ ቆሞ ሰማኝ። ከዚያ "እሑድ እነግራቸዋለሁ" አለ። አትንገራቸው አልሁት። ጎርፉ አመጣው ይባላል፣ ማን ያውቃል፣ አንተን ማን ይጠይቅሃል አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ዝናቡ ተመለሰ።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ዋንዛ ሥር ይሰበሰባል። አባቴ ተነሥቶ ተናገረ። አላሳመረውም፣ ጎርፍም አላለም።

"ከየማሳችሁ ግቡና እዩ። እምቦጭ በቅሎበታል። ያበቀለው የወሰዳችሁት ደለል ነው፣ ዘሩ ተኝቶበት ነበር፤ የሰጠኋችሁ እኔ ነኝ" አለ።

አንድ ሁለት ሰው ሣቀ፤ ቀልድ መስሏቸው ነው። ከዚያ አንዱ ጎልማሳ ከሩዙ መሀል የማያውቀው ቅጠል አይቶ እንደነበር ተናገረ፤ አንዲት ሴትም እኔም አይቻለሁ አለች። ከዚያ በኋላ የሣቀ የለም። የተቆጣም አልነበረም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ደለሉን መጀመሪያ ያደነቀችው ሴት "ደስ ብሎን ነው የወሰድን" አለች፣ አባቴን ሳታየው። ሽማግሌው በምርኩዛቸው መሬቱን ሲጭሩ ቆዩ።

"ዘሩ ስንት ዘመን ይተኛል?" አሉ።

"እኔና እርስዎ ከምንኖረው በላይ" አለ አባቴ።

"እንግዲያ ነገ ከኔው ማሳ እንጀምር" ብለው ተነሡ።

በማግሥቱ ሁሉም ወጡ። አባቴ ከሁሉ ቀድሞ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ደርሷል፤ እኔም ልጄን አዝዬ ከወረታ ሄጃለሁ። አባቴ እግሩን ወደ ማሳው ሲያነሣ ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ደረቱ ላይ አድርገው አቆሙት።

"አንተ አትግባ" አሉት። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። "ያንተ ንጹሕ ነው። ከኛ ጋር ገብተህ ከወጣህ በእግርህ ይዘህበት ትሄዳለህ።"

"እግሬን እታጠባለሁ" አለ አባቴ።

"ማሳህን ጠብቅ" አሉትና ገቡ።

ሌሎቹም ተከትለዋቸው ገቡ። አባቴ በእጁ ባዶ ቅርጫት እንደያዘ ከራሱ ድንበር ላይ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ሲያያቸው ዋለ። ቀትር ላይ ደቦው ለምሳ ከማሳው ወጥቶ ሲቀመጥ፣ አባቴ ከጅረቱ ወርዶ እጁን ታጥቦ ተመለሰና ጠበቀ። ማንም አልጠራውም።